‹-ኤፍ› ስጨምር አማርኛው ይመጣል፣ ፕሮግራሙ ግን ይዘጋል

ጥያቄ፦ «የአንድ ነፃ ሶፍትዌር የአማርኛ ትርጉም ጨርሻለሁ። ፕሮግራሙ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ትርጉሙን የጻፍኩበትን ፒኦ ፋይል ፕሮግራሙ ወደሚያነበው ኤምኦ ፋይል ስቀይረው ግን ብዙ ቦታ ላይ እንግሊዝኛው እንዳለ ይቀራል። ጓደኛዬ የምትቀይሪበት ትእዛዝ ላይ ‹-ኤፍ› የሚለውን ኦፕሽን ጨምሪበት አለኝ። ጨመርኩ፤ ሁሉም አማርኛ ሆነ። አሁን ደግሞ ፋይል ስሰርዝ ፕሮግራሙ በድንገት ይዘጋል። ሄልፑን ሳነበው የኦፕሽን መዓት ነው። የትኞቹን ነው የምጠቀመው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ‹-ኤፍ›ን አውጪው። ፕሮግራምሽን የሚዘጋው እሱ ወደ ባይነሪው (ወደ ኤምኦው) ያስገባው አንድ መልእክት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የሚዘጋው ፋይል ስትሰርዢ መሆኑም ጥርጣሬዬን ያጠናክረዋል። ኦፕሽኑ መዓት ነው ያልሽው እውነት ነው። በየቀኑ የሚያስፈልግሽ ግን ሦስት አራት ቢሆን ነው።

ትእዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው በድምፃቸው ነው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል አስገቢያቸው። ፒኦን ወደ ኤምኦ የሚቀይረውን፣ ኤምኤስጂኤፍኤምቲ የሚባለውን የጂኤንዩ ጌትቴክስት (የሶፍትዌር መተርጎሚያ መሣሪያዎች ስብስብ) ትእዛዝ ደግሞ ለአፍ እንዲቀል ‹ሜሴጅ ፎርማት› እለዋለሁ።

ፒኦ ፋይልሽን በተራ የጽሑፍ ኤዲተር ክፈቺው። ከአንዳንዱ መልእክት በላይ ‹#, ፈዚ› የሚል መስመር ታያለሽ። ይህ ምልክት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከተርጓሚው ሳይሆን ‹ሜሴጅ መርጅ› (ሲጻፍ ኤምኤስጂመርጅ) ከሚባለው ትእዛዝ ነው። ፕሮግራመሮቹ ኮዱን ሲቀይሩ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገርም ይቀየራል። አዲሱ ዓረፍተ ነገር ከድሮው ጋር ከተመሳሰለ ሜሴጅ መርጅ የድሮውን ትርጉም ወስዶ ከአዲሱ ሥር ያስቀምጠዋል። ግምት ስለሆነ ፈዚ ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ሰው አይቶ እስኪያጸድቀው ድረስ ማለት ነው።

አንቺ ጋ የሆነውን ልገምት። የድሮው እንግሊዝኛ ‹ዲሊትድ ፋይል %ኤስ› ነበር እንበል (%ኤስ ጽሑፍ፣ %ዲ ደግሞ ቁጥር የሚገባበት ቦታ ነው)። ተርጓሚው ‹%ኤስ የተባለው ፋይል ተሰርዟል› ብሎ ተረጎመው። በአዲሱ ቨርዥን ዓረፍተ ነገሩ ‹ዲሊትድ %ዲ ፋይልስ› ሆነ። ሜሴጅ መርጅ ተመሳሰሉብኝ አለና የድሮውን አማርኛ አመጣ። አሁን ፕሮግራሙ 3 የሚለውን ቁጥር ይልካል፣ ትርጉሙ ግን ጽሑፍ ይጠብቃል። ሲ ቋንቋ በዚህ ጊዜ አይጠይቅም። 3ን የሜሞሪ አድራሻ አድርጎ ወስዶ እዚያ ያለውን ጽሑፍ ሊያነብ ይሄዳል። እዚያ ለእሱ የተፈቀደ ነገር የለም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮግራሙን ወዲያው ይገድለዋል።

ሜሴጅ ፎርማት ፈዚ የሆኑትን በራሱ የሚተዋቸው ለዚህ ነው። ትርጉሙ ከቀረ ተጠቃሚው እንግሊዝኛውን ያያል፤ ደስ ባይልም ሥራው አይቋረጥም። ‹-ኤፍ› ወይም በረጅሙ ‹--ዩዝ-ፈዚ› ይህን ጥበቃ ያነሳዋል። ጠቃሚ የሚሆንበት ጊዜ የለም አልልም። አማርኛው በተኑ (የሚጫነው ቁልፍ) ላይ ይበቃል ወይስ ይቆረጣል የሚለውን በራስሽ ኮምፒውተር ላይ ለማየት ጥሩ ነው። ለሰው በሚሰጥ ፓኬጅ ውስጥ ግን መግባት የለበትም።

መፍትሔው ፒኦው ውስጥ ነው። ‹ሜሴጅ አትሪብ› (ሲጻፍ ኤምኤስጂአትሪብ) የሚባል አጋዥ ትእዛዝ አለ። ‹--ኦንሊ-ፈዚ› ስትጨምሪበት ፈዚዎቹን ብቻ ለይቶ ያሳይሻል። አንድ በአንድ እያየሽ አርሚና የፈዚውን ምልክት አንሺ። ‹--ክሊር-ፈዚ› የሚል ኦፕሽንም ታያለሽ፤ ሁሉንም ምልክት ሳያይ በአንዴ የሚጠርግ ስለሆነ ውጤቱ ከ‹-ኤፍ› አይሻልም። ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሜሴጅ መርጅን ‹--ፕሪቪየስ› ከሚለው ጋር አሂጂው። የድሮውን እንግሊዝኛ በ‹#|› መስመር ያስቀምጥልሻል። ምን እንደተቀየረ ወዲያው ይታይሻል፤ ሥራው በግማሽ ይቀላል።

አሁን ወደ ዋናው ኦፕሽን። ‹-ሲ›፣ በትንሹ ፊደል። በረጅሙ ‹--ቼክ› ነው። ሦስት ምርመራ በአንዴ ያካሂዳል፦ የፎርማት፣ የሄደርና የዶሜይን። የመጨረሻው ለአንቺ ብዙም አያስፈልግም፤ ፒኦው ውስጥ ዶሜይን (ፕሮግራሙ ትርጉሙን የሚጠራበት ስም) የሚል መመሪያ ካለ ከ‹-ኦ›፣ ማለትም ከሚወጣው ፋይል ስም ጋር እንዳይጋጭ የሚያይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን እንጀራሽ ናቸው።

የፎርማት ምርመራው እንግሊዝኛውንና አማርኛውን ጎን ለጎን አስቀምጦ የፐርሰንት ምልክቶቹ ይገናኛሉ ወይ ብሎ ያያል። አማርኛ ላይ ይህ በተለይ ያስፈልጋል፤ የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የቃላቱ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። ‹ኮፒድ %ዲ ፋይልስ ቱ %ኤስ› የሚለውን በደንበኛ አማርኛ ‹ወደ %ኤስ %ዲ ፋይሎች ተገልብጠዋል› ትይዋለሽ። አማርኛው ትክክል ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ይሞታል። መጀመሪያ የሚላከው ቁጥር ጽሑፍ ወደሚጠብቀው ቦታ ይገባልና። በ‹-ሲ› ብታሂጂው የ1ኛው አርጉመንት (ፕሮግራሙ የሚልከው ዋጋ) ፎርማት አይመሳሰልም ብሎ የመስመሩን ቁጥር ይነግርሻል።

የሚፈታው ቁጥር በመስጠት ነው፦ ‹ወደ %2$ኤስ %1$ዲ ፋይሎች ተገልብጠዋል›። 2 ማለት በእንግሊዝኛው ሁለተኛ የሚመጣው፣ 1 ማለት መጀመሪያ የሚመጣው። ለአንዱ ቁጥር ከሰጠሽ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ላሉት ሁሉ ስጪ፤ ቅልቅል አይቀበልም።

ምርመራው የማያየው ነገርም አለ። ሁለቱም %ኤስ ከሆኑ ቦታ ብታለዋውጪ ዝም ይላል። ‹ሪፕሌስ %ኤስ ዊዝ %ኤስ› የሚለውን ‹በ%ኤስ %ኤስን ተካ› ብለሽ ብትተረጉሚ ዓይነታቸው አንድ ስለሆነ ያልፋል። ፕሮግራሙም አይዘጋም። ተጠቃሚው ግን ሊተካው ያሰበውን ተገላቢጦሽ ያነባል። ከክራሽ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው፤ ክራሽ ሲሆን ቢያንስ ሰው ይነግርሻል።

ሁለተኛው የማያየው ነገር ምልክት የሌለውን ነው። ምርመራው የሚሠራው መልእክቱ ላይ ‹#, ሲ-ፎርማት› ወይም ‹#, ፓይተን-ፎርማት› የሚል ካለ ብቻ ነው። ምልክቱን ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ከኮዱ መልእክቶቹን የሚያወጣው ትእዛዝ ነው። የፐርሰንት ምልክት ያለው፣ ግን ይህ ምልክት የጎደለው መልእክት ካገኘሽ ለፕሮግራመሮቹ ንገሪያቸው። ከእነሱ ኮድ ላይ ካልተስተካከለ በሚቀጥለው ቨርዥን ይመለሳል።

ስለ ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ካነሳሁ፣ እዚያ ያለው ችግር መልኩ ሌላ ነው። በቅንፍ ውስጥ ስም ያለው ፎርማት አለ፣ እንደ ‹%(ኔም)ኤስ› ያለ። አዲስ ተርጓሚ ወይም የማሽን ትርጉም በቅንፍ ውስጥ ያለውንም ‹ስም› ብሎ ይተረጉመዋል። ፕሮግራሙ ‹ስም› የሚባል ነገር አያውቅምና ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ይህንን ‹-ሲ› ይይዘዋል። ፓይተን ላይ ስም የሌላቸው ሁለት %ኤስ ከመጡ ግን ቦታ ማለዋወጫ መንገድ የለሽም፤ ስም ስጧቸው ብለሽ ፕሮግራመሮቹን መጠየቅ ነው ያለሽ።

ሄደሩ ላይ ልምጣ። ፒኦ ፋይል ሲጀምር ባዶ መልእክት አለ፣ ከሥሩም ስለ ፋይሉ የተጻፈ መረጃ። ከቴምፕሌቱ (ገና ካልተተረጎመው ፋይል) ስትጀምሪ የካራክተር ሴቱ (ፊደሉ በኮምፒውተር የሚቀመጥበት ኮድ) ቦታ ላይ ‹ካርሴት› የሚለው ቃል ብቻ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ፤ እሱን ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሪው። ለግዕዝ ፊደል ሌላ አማራጭ አትፈልጊ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እንደ ፈረንጆች) በ3.0 ቨርዥን ነው፣ በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ይህች 3 ባይት ሌላም ጣጣ አላት። ፕሮግራመሩ ‹ለዚህ ጽሑፍ 32 ባይት ይበቃል› ብሎ ቦታ ከወሰነ፣ 11 ፊደል ያለው አማርኛ ሞልቶ ይፈሳል። ሜሴጅ ፎርማት ይህን አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም።

ሄደሩ ውስጥ ያለው ሌላው መስመር የብዙ ቁጥር ደንብ ነው። ለአማርኛ የሚሰጠው ሁለት ፎርም ነው፤ ደንቡ ‹ኤን > 1› ይላል። 0 እና 1 በመጀመሪያው ፎርም ይወጣሉ፣ ከ2 ጀምሮ ያለው በሁለተኛው። ከእንግሊዝኛው ይለያል፤ እንግሊዝኛ 0ን ከብዙው ጋር ነው የሚመድበው። ‹-ሲ› ሁለት ፎርም ብለሽ አንድ ብቻ ከተረጎምሽ ይጮሃል። ደንቡ የተጻፈበትን ቀመርም ይፈትሻል።

እዚህ ጋ ግን ብዙ ሰው የማያስተውላት ወጥመድ አለች። ለመጀመሪያው ፎርም ‹አንድ ፋይል ተሰርዟል› ብለሽ %ዲን ብትተዪው ሜሴጅ ፎርማት ዝም ይልሻል። ያ ፎርም የሚያገለግለው ለጥቂት ቁጥሮች ብቻ ከሆነ ቁጥሩን በቃል መጻፍ ይፈቀዳልና። በኛ ደንብ ግን 0ም እዚያው ነው። ተጠቃሚው ምንም ሳይሰርዝ ‹አንድ ፋይል ተሰርዟል› የሚል ሊያነብ ነው። ስለዚህ በአማርኛ %ዲን በሁለቱም ፎርም ውስጥ አስቀምጪ። ‹%ዲ ፋይል ተሰርዟል› ለ0ም ለ1ም ይሆናል።

ቀጥሎ ‹-ኦ›። የሚወጣው ፋይል ስም ነው። ካልሰጠሽው ያለሽበት ፎልደር ውስጥ ‹ሜሴጅስ.ኤምኦ› የሚባል ፋይል ይፈጥራል። ‹ኮምፓይል አድርጌ (ወደ ኤምኦ ቀይሬ) ፕሮግራሙ ላይ አልተቀየረም› ከሚሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ እዚህ ያልቃሉ፤ አዲሱ ፋይል ሌላ ቦታ ተፈጥሯል፣ ፕሮግራሙ የሚያነበው የድሮውን ነው። እንግዲህ የዘወትር ትእዛዝሽ ይህን ይመስላል፦

ኤምኤስጂኤፍኤምቲ -ሲ --ስታቲስቲክስ -ኦ ኤኤም.ኤምኦ ኤኤም.ፒኦ

‹--ስታቲስቲክስ› ስንት ተተረጎመ፣ ስንት ፈዚ ነው፣ ስንት ቀረ የሚለውን በአንድ መስመር ይነግርሻል። አንቺ መጀመሪያ ይህን ብታይ ኖሮ እንግሊዝኛ ሆነው የቀሩት ፈዚዎቹ እንደሆኑ ወዲያው ይገባሽ ነበር። ቁጥሩ የሚወጣው በስህተት መልእክት መስመር (ስታንደርድ ኤረር) ስለሆነ በስክሪፕት ወደ ፋይል ልታስገቢው ብትሞክሪ ባዶ ታገኛለሽ፤ ያንን መስመር ጭምር ማዞር አለብሽ። መመርመር ብቻ ፈልገሽ ፋይል እንዲፈጠር ካልፈለግሽ ከ‹-ኦ› ቀጥሎ ‹/ዴቭ/ነል› በይው።

አንድ ምክር ልጨምር። ፕሮግራሙ ተከፍቶ ሳለ ኤምኦውን በላዩ ላይ አትጻፊበት። ጌትቴክስት ፋይሉን አብዛኛውን ጊዜ ሜሞሪ ላይ አያይዞ ነው የሚያነበው፤ ከሥሩ ፋይሉ ሲያጥርበት ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል። በሌላ ስም ኮምፓይል አድርጊና ያለ ስህተት ካለቀ በኋላ ስሙን ቀይረሽ በቦታው አስገቢው። እንዲህ ካደረግሽ የተበላሸ ግማሽ ፋይልም ተጠቃሚው ጋ አይደርስም።

ፕሮግራሙ ሜኑ ካለው ‹--ቼክ-አክሰለሬተርስ›ም ይጠቅምሻል። በአልት ቁልፍ የሚከፈቱ ሜኑዎች ላይ የምትቀመጠዋ ምልክት በትርጉሙም እንዳለች ያያል። ካልነገርሽው የሚፈልገው ‹&›ን ነው። ጂቲኬ (የመስኮትና የሜኑ መሥሪያ) ላይ ያለ ፕሮግራም ግን ‹_› ስለሚጠቀም ‹--ቼክ-አክሰለሬተርስ=_› ብለሽ ስጪው። ምልክቷን ‹_ፋይል› ብሎ ፊደላችን ፊት ማስቀመጥ ለአማርኛ ተጠቃሚ እምብዛም አይጠቅምም። በድምፅ በሚጻፍ ኪቦርድ ‹ፋ› ሁለት ጊዜ መምታት ይጠይቃል፤ ከአልት ጋር እንዴት ብሎ? ጃፓኖችና ቻይናዎች እንደሚያደርጉት የላቲኑን ፊደል በቅንፍ ከኋላ ማስቀመጥ ይሻላል፣ ‹ፋይል(_ኤፍ)› በሚል መልክ።

ሄልፑ ላይ ካስፈሩሽ ሌሎቹ ውስጥ አብዛኞቹን ሳትነኪ መኖር ትችያለሽ። ‹--ኖ-ሀሽ› ፍለጋ የሚያፈጥነውን ሰንጠረዥ ይተወዋል፤ ፋይሉ ትንሽ ያንሳል። መልእክቶቹ በቅደም ተከተል ተደርድረው ስለሚቀመጡ ያለ ሰንጠረዡም ይገኛሉ። ‹--ኤንዲያንነስ› ቁጥሮቹ በየትኛው የባይት ቅደም ተከተል ይጻፉ የሚል ነው። አንባቢው ሁለቱንም ያውቃል። ‹--ኖ-ኮንቨርት› ከ0.22 ቨርዥን ወዲህ የመጣ ነው። ከዚያ ጀምሮ ሜሴጅ ፎርማት ሁሉንም ወደ ዩቲኤፍ-8 ይቀይራል፣ ኦፕሽኑ ያንን ያስቀራል፤ አንቺ በዩቲኤፍ-8 ስለምትጽፊ አይመለከትሽም። ትልቁ ‹-ሲ› እና ‹--ስትሪክት› ከድሮ የዩኒክስ ደንቦች ጋር ለመስማማት የተቀመጡ ናቸው። ትንሹንና ትልቁን ሲ ብቻ እንዳታምታቺ። ‹--ጃቫ›፣ ‹--ሲሻርፕ›፣ ‹--ቲሲኤል›፣ ‹--ዴስክቶፕ› ደግሞ ከኤምኦ ሌላ ዓይነት ፋይል ለማውጣት ናቸው።

ሜሴጅ ፎርማትን በሌላ ሽፋን ውስጥ የሚጠቀሙም አሉ። ጃንጎ (የፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ) ላይ ‹ኮምፓይልሜሴጅስ› ስትዪ ከበስተጀርባ የሚሠራው እሱ ነው። የሚሰጠው ግን የፎርማት ምርመራውን ብቻ ነው፤ ሄደርሽን አያይልሽም። ስለዚህ ጃንጎ ላይ ብትሠሪም ኮሚት ከማድረግሽ (ለውጡን ወደ ፕሮጀክቱ ከማስገባትሽ) በፊት ራስሽ በ‹-ሲ› አንዴ አሂጂው። ከፓይተን ሶርስ ኮድ ጋር የሚመጣው ትንሹ የኤምኦ ማውጫ ስክሪፕትማ ፎርማት የሚባል ነገር አይመረምርም።

ፈዚዎቹን አርመሽ፣ በ‹-ሲ› አሳልፈሽ አሁንም እንግሊዝኛ ከወጣብሽ ነገሩ ከኮምፓይሉ ውጭ ነው። መጀመሪያ ቦታውን እዪ። ፋይሉ ‹ሎኬል› ፎልደር ውስጥ፣ ‹ኤኤም› ሥር፣ ‹ኤልሲ_ሜሴጅስ› በሚባለው ውስጥ መቀመጥ አለበት። ስሙም ፕሮግራሙ የሚጠራው የዶሜይን ስም መሆን አለበት፤ ‹ኤኤም.ኤምኦ› ብሎ እዚያ ማስቀመጥ አይሠራም። ፎልደሩን ‹ኤኤም_ኢቲ› ሳይሆን ‹ኤኤም› ማለቱ ይሻላል። የኢትዮጵያ አማርኛ የመረጠ ተጠቃሚ የተለየውን ካጣ ወደ ‹ኤኤም› ይመጣልና። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ ሎኬል (የቋንቋ ቅንብር) መጫኑን ‹ሎኬል -ኤ› ብለሽ አረጋግጪ። ካልተጫነ ሲስተሙ ‹ሲ› ወደሚባለው መነሻ ሎኬል ይመለሳል፤ እዚያ ደግሞ ትርጉም የሚባል ነገር አይፈለግም።

ፕሮግራሙ አሁንም ከተዘጋ ደግሞ የተጫነውን ኤምኦ ራሱን ፍቺው። ‹ኤምኤስጂዩኤንኤፍኤምቲ› የሚባለው ትእዛዝ ባይነሪውን መልሶ ወደ ፒኦ ይቀይረዋል። የመሰረዙን መልእክት እዚያ ውስጥ ፈልጊው። አሁንም %ዲ መሆን ሲገባው %ኤስ ካለው የድሮው ፋይል ከቦታው አልወጣም ማለት ነው። ትክክል ሆኖ ከተገኘ ግን እንግሊዝኛውንና አማርኛውን መልእክት፣ ከበላያቸው ካለው የ‹#› መስመር ጋር አድርገሽ ላኪልኝ።